«ዌስት ኤንድ ብሉስ»ን በልኩ ለመስማት፦ የአሥራ አንድ ሳምንት ማስታወሻ

ሳምንት 1

የምፈልገው የአንድ ዘፈን ጥሩ ቅጂ ነው። ሉዊ አርምስትሮንግ ጁን 28 ቀን 1928 ቺካጎ ውስጥ የቀዳው «ዌስት ኤንድ ብሉስ»። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሦስት ደቂቃ ከምናምን የምትሆን ሥራ ናት። ትራምፔቱ ያለ ምንም አጃቢ ለአሥራ ምናምን ሰከንድ ብቻውን ይነፋል፣ ከዚያ ባንዱ ይገባል። ድርሰቱ የኪንግ ኦሊቨር ነው፤ ያቺ መግቢያ ግን የአርምስትሮንግ ናት።

ነገሩን ያመጡት አጎቴ ናቸው። ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። እሳቸው አዲስ አበባ፣ እኔ ሜሪላንድ። በወጣትነታቸው ይህችን መግቢያ ከካሴት እየሰሙ ለማጥናት ዓመታት እንደፈጀባቸው ሲያወሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ባለፈው በስልክ፣ «አንተ ልጅ፣ እዚያ አገር ሆነህ ጥራት ያለው ቅጂ ይጠፋል? የኔ ካሴት ላይ ሰውየው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የሚነፋው» አሉኝ።

ስልኬ ላይ ስፈልግ ከ20 በላይ ቅጂ መጣልኝ። ሁሉም ያው ቀረጻ ነው፤ የሚለያየው ሽፋኑና የአልበሙ ስም ነው። የዚህ ሁሉ ብዛት ምክንያቱ የአውሮፓ ሕግ ነው። እዚያ ከ1963 በፊት የወጣ ቀረጻ ጥበቃው ስላለቀ የፈለገ ሰው አትሞ ይሸጠዋል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ዋናውን ሸክላ ፈልጎ አይደለም የሚያትመው፤ የሌላ ሰው ሲዲ ገልብጦ፣ ኢኮ ጨምሮበት፣ አዲስ ሽፋን ያለብሰዋል።

7 መርጬ ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ደረደርኳቸው። ሦስቱ ላይ አንድ ዓይነት «ቋ» የሚል ድምፅ እዚያው ቦታ ላይ አለ። ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው ማለት ነው። ሁለቱን ጣልኩ፣ 5 ቀሩ። ከመጀመሪያዋ ኖታ እስከ መጨረሻዋ የሲምባል ምት ያለውን ርዝመት ለካሁ፤ ከአጭሩ እስከ ረጅሙ 5 ሰከንድ ይለያያሉ። ቀረጻው አንድ ሆኖ 5 ሰከንድ የሚለያይ ከሆነ ፍጥነታቸው የተለያየ ነው። ፍጥነቱ ከተለያየ ደግሞ ኪዩም (ዘፈኑ የተቃኘበት መነሻ ድምፅ) ይለያያል።

የዚህ ሳምንት ስህተት፦ ሰኞ ዕለት «ይኼ ነው» ብዬ የመረጥኩት ቅጂ ከሌሎቹ በ4 ዴሲቤል የሚጮኸው ሆኖ ተገኘ። ጆሮ ጮክ ያለውን ጥሩ ነው ይላል። ማክሰኞ የሁሉንም ድምፅ እኩል አድርጌ ስሰማ ያ ቅጂ ከአምስቱ አራተኛ ወጣ። ከዚህ በኋላ ድምፁን ሳላስተካክል ማወዳደር የለም።

ወጪ፦ ምንም።

ሳምንት 2

የአጎቴ ልጅ ካሴቱን አጫውታ በስልኳ ቀድታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከቅጂ ቅጂ የተገለበጠ ስለሆነ ጥራቱ እሳቸው እንዳሉት ነው። እኔ ግን የፈለግሁት ኪዩን ነበር።

በመጨረሻው ዙር አርምስትሮንግ አንዲት ከፍ ያለች ቢ ፍላት ይዞ አራት ባር ያህል ይቆያል። ለመለኪያ ከእሷ የተሻለች ኖታ የለችም፤ ረጅም ናት፣ ከሌሎቹ በላይ ጎልታ ትወጣለች። መቃኛዋ ኖታ ኤ 440 ኸርትዝ ከተባለች ያቺ ኖታ 932 ኸርትዝ ነው መሆን ያለባት። ካሴቱ ላይ 985 አነበብኩ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል፤ ወደ 6 በመቶ ይፈጥናል።

ይህ ለትራምፔት ነፊ ቀላል ነገር አይደለም። ዘፈኑ ኢ ፍላት ነው ይባላል። ለቢ ፍላት ትራምፔት ኖታው የሚጻፈው ከሚሰማው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ ኢ ፍላት ለነፊው ኤፍ ነው፤ አንድ ፍላት ብቻ ያለው፣ ጀማሪ የሚማርበት ኪይ። ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል ግን ኤፍ ሻርፕ ይሆናል። ስድስት ሻርፕ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያቺን መግቢያ በምን ኪይ ነበር ያጠኗት?»

«በኤፍ ሻርፕ ነዋ። ጣት ታስራለች። ሰውየው ምን ነክቶት ይህን ኪይ መረጠ እያልኩ ስንት ጊዜ ተገርሜያለሁ መሰለህ።»

ምንም አላልኳቸውም። ስልክ ላይ ያሉት 5 ቅጂዎች እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ፣ ካሴቱ ስህተት ነው ለማለት ገና ማስረጃ አልነበረኝም። አንድ ሰው ዕድሜውን በሙሉ በተሳሳተ ኪይ አጥንተሃል የሚባለው ተረጋግጦ ነው እንጂ በግምት አይደለም። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ተቀየረ፦ መጀመሪያ ትክክለኛው ፍጥነት፣ ከዚያ ጥራት።

ሳምንት 3

ያነበብኩትን ባጭሩ። አርምስትሮንግ በ1923 ከኪንግ ኦሊቨር ባንድ ጋር ሪችመንድ ኢንዲያና ውስጥ ለጄኔት ኩባንያ ሲቀዳ ማይክሮፎን አልነበረም። ሙዚቀኛው በትልቅ ቀንድ ውስጥ ይነፋል፣ የድምፁ ግፊት መርፌውን ያንቀሳቅሳል፣ መርፌው ሰሙን ይቆርጣል። የአርምስትሮንግ ድምፅ ስለሚበረታ ከሌሎቹ ርቆ እንዲቆም አድርገውታል። ስቱዲዮው ባቡር ሐዲድ አጠገብ ስለነበር ባቡር ሲያልፍ ቀረጻው ይቆም ነበር። በዚህ ዘዴ የሚያዘው ድምፅ ከ250 እስከ 2500 ኸርትዝ ገደማ ብቻ ስለሆነ ከ1923ቱ ሸክላዎች ብዙ መጠበቅ አይቻልም፤ የምንሰማውን ያህል መሰማታቸውም ትልቅ ነገር ነው።

በ1927 ሆት ሰቨን የሚባለው የአርምስትሮንግ ባንድ ሲቀዳ ግን ማይክሮፎንና ኤሌክትሪክ ገብቷል፤ ቱባና ከበሮ የተጨመሩትም ያን ጊዜ ነው። የኔው ሸክላ የ1928 ስለሆነ ወደ 5000 ኸርትዝ ገደማ የሚደርስ ድምፅ ይኖረዋል። ኧርል ሃይንስ ፒያኖ፣ ዙቲ ሲንግልተን ከበሮ፣ ጂሚ ስትሮንግ ክላሪኔት፣ ፍሬድ ሮቢንሰን ትሮምቦን፣ ማንሲ ካር ባንጆ።

ጄ ኤስ ፒ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1999 ያወጣውን ባለ 4 ሲዲ ሣጥን ያገለገለ በ22 ዶላር ገዛሁ። ሸክላዎቹን ያጸዳው ጆን አር ቲ ዴቪስ ነው። ይህ ሰው ራሱ ሙዚቀኛ ነበር፤ በ2004 አርፏል። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት «ቋ» የምትለዋን ድምፅ ቴፑ ላይ ፈልጎ፣ በዚያች ቦታ ያለውን ማግኔታማ ቅብ በስለት እየፋቀ ያጠፋ ነበር። አንድ በአንድ፣ በእጁ። ዲስኩን ከፍቼ ሳዳምጥ ከስልኩ ቅጂዎች ሁሉ የተለየ መሆኑ በመጀመሪያው ሰከንድ ታወቀኝ። ሽሽ የሚለው ድምፅ አለ፣ ሸክላው ይሰማል፤ ትራምፔቱ ግን ፊት ለፊቴ ቆሟል።

ረጅሟን ኖታ ለካሁ። 934። ወደ ኢ ፍላቱ በጣም ይጠጋል። ግን አንድ ምስክር አይበቃም። ዋናውን ሸክላ ማግኘት አለብኝ።

ሳምንት 4 እና 5

ሸክላው ኦኬ የሚባለው ኩባንያ ያተመው፣ ቁጥር 8597 ነው፤ ጀርባው ላይ «ፋየርወርክስ» አለ። አንዱን በ55 ዶላር አዘዝኩ። በቀጭን ካርቶን ጠቅልሎ ስለላከው ሦስት ቦታ ተሰብሮ ደረሰ። የ78 ሸክላ (በደቂቃ 78 ጊዜ ገደማ የሚዞረው የድሮው ዓይነት) እንደ ፕላስቲኩ አይታጠፍም፤ እንደ ሰሐን ነው የሚሰበረው። ሻጩ ግማሹን መለሰልኝ። ሁለተኛውን ከሌላ ሰው በ70 ዶላር ስገዛ አስተሻሸጉን አስቀድሜ ጻፍኩለት፦ በሁለት ወፍራም ካርቶን መሀል፣ ሣጥን በሣጥን ውስጥ፣ ዙሪያውን ጋዜጣ። ደህና መጣ። ላዩ ግራጫ ሆኗል፣ ብዙ ተጫውቷል፣ ስንጥቅ ግን የለውም።

ማጫወቻ፦ ያገለገለ፣ ባለ 78፣ ፍጥነቱ ከፍና ዝቅ የሚል፣ 140 ዶላር። ለ78 የተሠራ የኦዲዮ ቴክኒካ መርፌ ከነካርትሪጁ (መርፌው የሚሰካበት ድምፅ አንሺ) 85። የድምፅ ካርድ 120። ፕሪአምፕ (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው) 60።

ስለ አጠባ። እኔ የፕላስቲክ ሸክላ የማጸዳው በአይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ደግነቱ መጀመሪያ የሞከርኩት በ2 ዶላር በገዛሁት የማይረባ ሸክላ ላይ ነበር። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ቆሻሻ መስሎኝ ደገምኩት፣ ጠቆረ። ሦስተኛ ስደግመው ሸክላው ራሱ እየለቀቀ መሆኑ ገባኝ፤ የታሸበት ቦታ ወዙ ጠፍቶ ደብዝዟል። የ78 ሸክላ ከሼላክ ነው የሚሠራው፣ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። ይህን ብቻ ከዚህ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ካለ ይያዝ፦ 78 ሸክላን አልኮል አታስነኩ። የተጣራ ውኃ፣ አንዲት ጠብታ የሳህን ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ መርፌው በሚሄድበት ጎድጎድ አቅጣጫ። መሀሉ ላይ ያለው ወረቀት አይርጠብ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ አቁሞ ማድረቅ።

ኦኬው ሲታጠብ ውኃው የቡና አተላ መሰለ። ከ90 ዓመት በላይ የተጠራቀመ ነው።

ሳምንት 6

ካርትሪጁ ዘግይቶ መጣ። ትዕግሥት አጥቼ ማጫወቻው ላይ በነበረው የተለመደ መርፌ ሞከርኩ። ስህተት ነበር። የፕላስቲክ ሸክላ መርፌ ጫፉ 25 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የ78 ጎድጎድ ግን ሰፊ ስለሆነ 75 ማይክሮን ይፈልጋል። ቀጭኑ መርፌ የጎድጎዱን ግድግዳ ሳይነካ ታች ወለሉ ላይ ይንፏቀቃል፤ ሙዚቃው ያለው ግድግዳው ላይ ነው፣ ወለሉ ላይ ያለው የዘመናት አቧራ ነው። የሰማሁት እንደ ፈንድሻ የሚንጣጣ ነገር ሲሆን ከበስተጀርባው ትራምፔት የሚመስል ነገር አለ። አንድ ጊዜ ብቻ አጫውቼ አነሳሁት።

ሐሙስ ትክክለኛው መርፌ ገባ፣ ክብደቱን 5 ግራም ላይ አደረግሁ። ልዩነቱ የሚታመን አይደለም። መንጣጣቱ ግማሽ ያህል ቀነሰ፣ ሃይንስ ግራ እጁን ሲያሳርፍ ተሰማኝ።

ትራምፔቱ ግን አሁንም ደብዝዟል። ሁለት ቀን መርፌውን ስጠረጥር ቆየሁ። ጥፋቱ የፕሪአምፑ ነው፤ ከሠሪው ሳይሆን ከእኔ አጠቃቀም። የተለመደው የሸክላ ፕሪአምፕ በውስጡ አር አይ ኤ ኤ የሚባለው ማስተካከያ አለበት። ማስተካከያው በ1954 የጸደቀ ነው፤ ሸክላው ሲቆረጥ ቀጭኑ ድምፅ ከመጠን በላይ ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ሲጫወት ይቀነሳል። 10 ሺህ ኸርትዝ ላይ የሚቀንሰው ወደ 14 ዴሲቤል ነው። በ1928 የተቆረጠ ሸክላ ላይ ግን ከፍ የተደረገ ነገር የለም። ያልተጨመረውን ሲቀንሰው ትራምፔቱን ነው የሚወስደው። ባሱንም እንዲሁ ከሚገባው በላይ ያሳብጠዋል።

መፍትሔው ኦዳሲቲ ውስጥ ነበር። ፊልተር ከርቭ ውስጥ የአር አይ ኤ ኤን መስመር ጠርቶ መገልበጥ፣ ከዚያ ከ250 ኸርትዝ በታች ያለውን ባስ ብቻ መጨመር። የተገለበጠውን ስሰማ ከወንበሬ ተነሣሁ። ብርድ ልብሱ ወደቀ።

ሌላም ነገር። ካርትሪጁ ስቴሪዮ ነው፣ ሸክላው ሞኖ። የ78 ሙዚቃ ያለው መርፌው ወደ ጎን ሲወዛወዝ ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣው ሁሉ ጩኸት ነው። ሁለቱን ቻናል ሲደምሯቸው ያ ጩኸት እርስ በርሱ ይጣፋል። ከመደመሬ በፊት ግን ግራና ቀኙን ለየብቻ ሰማሁ፤ የአንደኛው ግድግዳ በድሮ ግራሞፎን መርፌ በጣም ተበልቷል፣ ረጅሟ ቢ ፍላት ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ጤነኛውን ቻናል ወስጄ የቀረውን የዘፈኑን ክፍል ሁለቱ እንደተደመሩ ተውኩት።

ሳምንት 7

የፍጥነት ሳምንት። «78» የሚባለው ራሱ 78 አይደለም። የ60 ኸርትዝ መብራት ባለበት አገር፣ እንደ አሜሪካ፣ 78.26 ነው፤ የ50 ኸርትዝ ባለበት፣ እንደ እኛ አገር፣ 77.92። በ1920ዎቹ ደግሞ ስቱዲዮዎቹ ራሳቸው አይስማሙም፤ ከ78 በላይም በታችም የተቆረጡ ብዙ ናቸው። አንድ ዙር ልዩነት 22 ሴንት ነው፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ስለሆነ፣ ከግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ በላይ ማለት ነው።

ባለ 92 መስመር የፍጥነት መለኪያ ወረቀት አትሜ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኩ። መስመሮቹ ቆመው መታየት ነበረባቸው። ምንም አይታይም፣ ሁሉም ደብዝዞ ይሽከረከራል። ለካ ያለሁት በኤል ኢ ዲ መብራት ነው፤ የኔዎቹ አምፖሎች እንደ ድሮው አይርገበገቡም። ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ በ3 ዶላር ሽቦ ያለው አምፖል ገዝቼ ስሞክር መስመሮቹ ወዲያው ታዩ፣ ቀስ ብለው ወደፊት ይሄዳሉ። ማጫወቻዬ ይፈጥናል። እስኪቆሙ ድረስ አወረድኩት፣ በቦታው ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግሁ።

በ78.26 ስቀዳ ረጅሟ ኖታ 933 ወጣች። ነገር ግን ነፊ ሲደሰት ከፍ ሊል ይችላል፣ ከንፈር ነው። ፒያኖ ግን አይዋሽም። የሃይንስን ሶሎ ወስጄ ጎልተው የሚሰሙትን ቢ ፍላትና ኢ ፍላት አሥር ቦታ ላይ ለካሁ። አማካዩ ከኤ 440 በ5 ሴንት ብቻ ይለያል። ዴቪስ ያጸዳው ሲዲም ከዚህ ጋር ይስማማል።

በቃ፣ ዘፈኑ ኢ ፍላት ነው። ትራምፔቱ ኤፍ ነው። ካሴቱ ነው የተሳሳተው።

ሳምንት 8

ጽዳት። እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት ጠፋ፤ ስህተቱንም በዝርዝር ልጻፍ።

መጀመሪያ ኦዳሲቲ ላይ ያለውን ኖይዝ ሪዳክሽን 24 ዴሲቤል ላይ አድርጌ ለቀቅሁት። ጸጥ አለ። በጣም ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ ትራምፔቱ ከውኃ ሥር የሚነፋ ይመስላል፣ በኖታዎቹ ጭራ ላይ የሚያቃጭል ነገር አለ። ፈተና የሆነችኝ የመጨረሻዋ ሰከንድ ናት። ሁሉም ካበቃ በኋላ ሲንግልተን ትንንሾቹን ሲምባሎች አንዴ አጋጭቶ ወዲያው ያፍናቸዋል፤ «ክሎፕ» የምትል አጭር ድምፅ። ያቺ ድምፅ ጠፍታለች። ሶፍትዌሩ ሸክላው የተንጣጣ መስሎት በልቷታል።

ከዚያ በኋላ ማናቸውንም ማስተካከያ በዚያች «ክሎፕ» ነው የምፈትነው። 12 ዴሲቤል፦ አለች ግን ታማለች። 6 ዴሲቤል፦ ደህና ናት። 4 ላይ ተውኩት። ሽሽታው ይሰማል፤ ይሰማ።

ከ5000 ኸርትዝ በላይ ሙዚቃ የለም ብዬ ከዚያ በላይ ያለውን ቆርጬም ነበር። በወረቀት ትክክል ይመስላል፣ በጆሮ ግን ብርድ ልብሱ ተመልሶ መጣ። ወደ 9000 አወጣሁት።

«ቋ» የሚሉትን በአውቶማቲክ ማጥፋትም ሞከርኩ። የትራምፔት ኖታ ሲጀምር ያለችው ምላስ የምትሰጠው ሹል ጫፍ ለሶፍትዌር ከ«ቋ» አትለይም። መግቢያው ላይ የመጀመሪያዎቹ አራት ኖታዎች እያንዳንዳቸው እንደ መዶሻ ነው የሚወድቁት፤ ከአውቶማቲኩ በኋላ ግን ሰነፍ ሰው የነፋቸው መሰሉ። ሰረዝኩትና በእጄ ጀመርኩ። ማዕበሉን አጉልቶ፣ ሹሏን ፈልጎ፣ ሪፔር የሚለውን መጫን። ሪፔር በአንድ ጊዜ የሚሠራው ከ128 ሳምፕል በላይ ስላልሆነ ትልቁን «ቋ» ከፋፍዬ ነው የምጠግነው። በሌሊት ሁለት ሁለት ሰዓት፣ አምስት ሌሊት፣ 611 ቦታ። ዴቪስ ይህንኑ በስለት ሲሠራ እንደኖረ እያሰብኩ።

ሳምንት 9

ሥራ የለም፤ በአውቶቡስ ኒውዮርክ ደርሼ መጣሁ፣ 70 ዶላር ደርሶ መልስ። ኩዊንስ፣ ኮሮና ሰፈር፣ አርምስትሮንግ ከ1943 ጀምሮ በ1971 እስከሞተበት ቀን የኖረበት ቤት አሁን ሙዚየም ነው። ተራ ሰፈር፣ ተራ ቤት። ሥራ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተገጠሙ የቴፕ መቅጃዎች አሉ። ሰውየው ከጉዞ ሲመለስ እዚያ ተቀምጦ ሸክላዎቹን፣ የራሱንም የሌላውንም፣ ወደ ቴፕ ሲገለብጥ ነው የኖረው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቴፖች ናቸው፤ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፣ ዝርዝራቸውን በእጁ ጽፏል፣ ሣጥኖቹን ፎቶና ጋዜጣ እየቆረጠ በመለጠፍ አስጊጧቸዋል። ከመቅጃዎቹ ፊት ብዙ ቆምኩ። እሱም እዚህ ተቀምጦ መርፌ ያወርድ ነበር።

ለራሴ ማስታወሻ፦ ጥራት ብቻ የሚፈልግ ሰው ወደ ኋለኞቹ ሥራዎቹ ይሂድ። በ1954 የደብልዩ ሲ ሃንዲን ድርሰቶች የተጫወተበት አልበም በቴፕ የተቀዳ ነው፣ ትራምፔቱ ሙሉ ነው። ሲዲ የሚገዛ ግን የ1997ቱን እትም ይያዝ፤ በ1986 የወጣው የመጀመሪያው ሲዲ ለአንዳንዶቹ ዘፈኖች ሌላ ቅጂ ተክቶ ስለገባበት ከሸክላው ጋር አንድ አይደለም። በ1959 ለኦዲዮ ፊደሊቲ የኪንግ ኦሊቨርን ሥራዎች በስቴሪዮ የተጫወተበት ደግሞ በድምፅ ጥራት ከሁሉም ይበልጣል እላለሁ። እዚያ ላይ ግን የ58 ዓመት ሰው ነው። የ26 ዓመቱን ልጅ የሚፈልግ ወደ 1928 መመለስ አለበት፣ ሽሽታው እንዳለ።

ሳምንት 10

የጭፍን ፈተና። ልጄ አራት ፋይል ስማቸውን ቀይራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አለቻቸው፦ ሁለት ከስልክ፣ አንድ የዴቪስ ሲዲ፣ አንድ የኔ። ድምፃቸው እኩል ተደርጓል። ሁለት ጓደኞቼና እኔ ሳናውቅ አዳመጥን።

የስልኮቹ ሁለቱ በሁላችንም ዘንድ ኋላ ቀሩ። አንደኛ የወጣው የዴቪስ ነው፣ ሦስታችንም ተስማማን። የእሱ ሸክላ ከኔ በጣም የተሻለ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ረጅሟ ኖታ እሱ ጋ ንጹሕ ናት፣ እኔ ጋ ጠርዟ ተበልቷል። የኔው ሁለተኛ ሆነ። መግቢያው ላይ ግን አንዱ ጓደኛዬ የኔን መረጠ። «እዚህ ላይ ክፍሉ ይሰማል» ነው ያለው፣ ሰውየው የቆመበትን ክፍል ማለቱ ነው።

ወጪ እስካሁን፦ ሸክላዎቹ 97.50 (የተመለሰው ተቀንሶ)፣ ማጫወቻና መርፌ 225፣ ድምፅ ካርድና ፕሪአምፕ 180፣ ሲዲ 22፣ አውቶቡስ 70፣ ለሙከራ የጠፋው ሸክላና አምፖል 5። 599.50 ዶላር። ቅጂውን ብቻ ለሚፈልግ ሰው 22ቱ ይበቃዋል። የቀረው ሁሉ የሄደው ያቺ 934 እውነት መሆኗን ለማረጋገጥ ነው፣ አልቆጨኝም።

ፋይሉን በይፋ አለቅም። አሜሪካ ውስጥ የቀረጻ ጥበቃ ለእነዚህ ዓመታት 100 ዓመት ስለሆነ የ1928ቱ ነፃ የሚሆነው በ2029 መጀመሪያ ነው። ለአጎቴ ብቻ ነው።

ሳምንት 11

ሁለቱንም ላክሁላቸው፣ የዴቪስንና የኔን። በቴሌግራም እንደ ድምፅ ሲላክ እንደሚጨመቅ ስለማውቅ እንደ ፋይል አድርጌ ነው የላክሁት፤ የአጎቴ ልጅም በስልኩ ስፒከር እንዳታሰማቸው፣ ጆሮ ማዳመጫ እንድታደርግላቸው አደራ አልኳት። ከዚያ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ካሴቱ ግማሽ ድምፅ ይፈጥን ነበር። ዘፈኑ ኢ ፍላት ነው። በኤፍ ነው የሚነፋው።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ። በኤፍ?»

«በኤፍ።»

«ቆይ እስቲ» ብለው ዘጉት።

ማታ ላይ የድምፅ መልእክት መጣ፣ 48 ሰከንድ። ሣጥን ሲከፈት ይሰማል፣ ፒስተኖቹ ሲጫኑና ሲለቀቁ ይሰማል፤ ዘይት ካዩ ቆይተዋል፣ ደርቀዋል። ከዚያ አራቱ ኖታዎች። ከንፈራቸው ያን ያህል ኃይል የለውም፣ አራተኛዋ ተንቀጠቀጠች፤ ግን በኤፍ ናቸው፣ በቦታቸው ናቸው። ደገሟቸው። ሁለተኛው ላይ አራተኛዋ ቆመች።

«ከሁለቱ የምትንጣጣዋን ነው የወደድኩት» ይላሉ መጨረሻው ላይ። «የት ላይ እንደሚተነፍስ ይሰማል። እኔ ያለ ቦታው ነበር የምተነፍሰው። ደግሞ አንተ ልጅ፣ ‹ፖቴቶ ሄድ› የሚባለውንም እንዲሁ በልኩ አድርገህ ላክልኝ። እሱንም ከዚያው ካሴት ነው ያጠናሁት።»

«ፖቴቶ ሄድ ብሉስ» ሜይ 10 ቀን 1927፣ ሆት ሰቨን። የዴቪስ ሣጥን ውስጥ አለ፣ ዛሬ ማታ እለካዋለሁ። ለዋናው ሸክላ ሁለት ሻጭ ጋ ጽፌያለሁ፤ አንደኛው በሁለት ወፍራም ካርቶን መሀል ለማሸግ ተስማምቷል። ለፒስተን የሚሆን ዘይትም ገዝቻለሁ፣ 7 ዶላር፤ በሚቀጥለው ወር ወደ አገር የሚሄድ ሰው ይዞላቸው ይሄዳል።